ከጎንቻ ሲሶ እነሴ የወጣው ውጤት በሙሉ ይነበብ

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ዛሬም የዓለምን የጤና ባለሙያዎች ያከራክራል። ሙከራው የተነደፈው ለዓይን ነበር። ትራኮማን ለመግታት አዚትሮማይሲን ለሕዝብ በዓመት አንዴ ቢታደል ይበቃል ወይስ መደጋገም አለበት የሚለውን ሊለይ ተነሣ፤ ለየም። ግን በዚያ አላበቃም። መድኃኒቱ በታደለባቸው ንዑስ ቀበሌዎች የሕጻናት ሞት ካልታደለባቸው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። በየሦስት ወሩ በታደለባቸው ደግሞ በሕጻናቱ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚኖር አንድ አደገኛ ባክቴሪያ መድኃኒቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ተላመደው። ዓለም የመጀመሪያውን ውጤት ይዞ እስከ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ሄደ። ሁለተኛው በሚገባው መጠን አልተነገረም፤ በተለይ እዚህ፣ ውጤቱ በተገኘበት አገር።

የዚህ መጽሔት ፍርድ የሚከተለው ነው። ያልታመመ ሰው እንዳይታመም ተብሎ የሚታደል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በሙከራ ተፈትኖ ባለፈበት ቦታ፣ ዕድሜና መጠን ተወስኖ ይቆይ። ከዚያ ወሰን አልፎ ይሰጥ የሚል ወገን ሌላ ሙከራ ያቅርብ፤ ያም ሙከራ የተረፈውን ሕይወት ሲቆጥር የተላመደውን ጀርምም አብሮ ይቁጠር።

ትራኮማን ገጠር ያደገ ሁሉ በዓይን ማዝነቱ ያውቀዋል። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጁ በተደጋጋሚ ሲያዝ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እየነቀለች የምትኖር እናት በአማራ ገጠር ብርቅ አይደለችም። በዓለም ላይ ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም የተሸከመችውም ኢትዮጵያ ናት። መከላከያው አራት ክንድ አለው፦ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት ማደል፣ ፊት መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። ከአራቱ ጎልቶ የሚታየው መድኃኒቱ ነው። ፋይዘር ኩባንያ በነጻ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን በዓለም ደረጃ ከ1 ቢሊዮን በላይ መጠን ታድሏል፤ ከዚህም ትልቅ ድርሻ የወሰደችው አገራችን ናት።

አሠራሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአንድ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕጻናት መካከል የበሽታው ንቁ ምልክት 10 በመቶና ከዚያ በላይ በሚሆኑት ላይ ከታየ፣ የወረዳው ሕዝብ በሙሉ መድኃኒቱን ይወስዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን ከቁመት መለኪያው እንጨት ጋር አቁማ መጠኑን ትሰጣለች፤ ከስድስት ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ከሚወስዱት የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። ለታመመ ሰው መድኃኒት ስንሰጥ ጥቅሙም ጉዳቱም የዚያው ሰው ነው። ለጤነኛ ሕዝብ ስንሰጥ ግን ጥቅሙን አንዱ፣ ጉዳቱን ሌላው ሊያገኘው ይችላል፤ ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ገና ያልተወለደም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ማስረጃ ለሕመምተኛ ከሚጠየቀው መክበድ አለበት።

የጎንቻው ሙከራ በንድፉ ዛሬም ለማስተማሪያ ይሆናል። 72 ንዑስ ቀበሌዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በዕጣ ተመደቡ። በአንዱ ምድብ ሕዝቡ በዓመት አንዴ፣ በሌላው በዓመት ሁለቴ ወሰደ፤ በሌላው ደግሞ ሕጻናቱ ብቻ በየሦስት ወሩ ወሰዱ። አንድ ምድብ ለ12 ወራት ጠብቆ ከዚያ በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ዕጣው ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። ያለ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ለመኪና መንገድ የቀረበው መንደር ቀድሞ ያገኝ ነበር፤ ያ መንደር ደግሞ ለጤና ጣቢያም፣ ለገበያም፣ ለትምህርት ቤትም የቀረበ ነው። ልጆቹ ደህና ቢሆኑ ያዳናቸው መድኃኒቱ ይሁን መንገዱ ማን ይለየዋል?

በትራኮማ በኩል የተገኘው መልስ አሻሚ አይደለም። ተሾመ ገብሬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በላንሴት መጽሔት እንዳሳተሙት፣ በዓመት አንዴ በታደለባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ዕድሜያቸው እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ሕጻናት በጀርሙ የተያዙት ሲጀመር 41.9 በመቶ ነበሩ፤ ከ42 ወራት በኋላ 1.9 በመቶ ሆኑ። በዓመት ሁለቴ በታደለባቸው ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ ወረዱ። የመድኃኒቱ መጠን ዕጥፍ ሆኖ ውጤቱ ያው ነው። ብዙ መድኃኒት ብዙ ጥቅም ያመጣል የሚለው እምነት ጎንቻ ላይ ተፈትኖ ወድቋል፤ ይህን የሚያስታውስ የዘመቻ ዕቅድ አውጪ ስንት እንደሆነ ግን እንጃ።

ወደ ሞቱ እንምጣ። በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጽሑፍ 48 ንዑስ ቀበሌዎችን ያነጻጽራል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት መካከል መድኃኒቱን ባላገኙት ዘንድ በዓመት ከ1,000 ሕጻናት 8.3፣ ባገኙት ዘንድ 4.1 ሞቱ። ለሰሚው ያስደነግጣል፤ በአፍ የሚዋጥ፣ ርካሽ፣ ወረዳው ውስጥ ያለ መድኃኒት የሕጻናትን ሞት በግማሽ ሲቀንስ። ግን ሁለት ነገር መታሰብ ነበረበት። ሙከራው ሞትን ለመለካት የተነደፈ አልነበረም፤ የሞቱ ቁጥር የተገኘው ለሌላ ጉዳይ ከተካሄደ የቤት ለቤት ቆጠራ ነው። የስሌቱ ወሰንም ሰፊ ነው፤ እውነተኛው ቅነሳ ከ10 በመቶ እስከ 70 በመቶ ገደማ የትም ሊያርፍ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ለቀጣይ ሙከራ በር ይከፍታል እንጂ ለዘመቻ ማዘዣ አይሆንም። ተመራማሪዎቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ያኛው ውጤት ደግሞ ይኸውላችሁ። ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ሕጻን ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ሲነሣ ግን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ያመጣል። በየሦስት ወሩ መድኃኒት በወሰዱት ሕጻናት ዘንድ አዚትሮማይሲን የማይነካው ኒሞኮከስ ያለባቸው ሲጀመር 3.6 በመቶ ነበሩ። ከ12 ወራት በኋላ 46.9 በመቶ ሆኑ። ገና ባልወሰዱት ንዑስ ቀበሌዎች በዚያው ጊዜ የተገኘው 9.2 በመቶ ነው። በአራት ዙር ዕደላ ከመቶ አራቱ ወደ አርባ ሰባት። ዕደላው ሲቆም መላመዱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በኋላ የተደረገ ክትትል አሳይቷል፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ በአገራችን የሳንባ ምች ለያዘው ሕጻን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትሰጠው አሞክሲሲሊን ነው፤ አዚትሮማይሲን አይደለም። ስለዚህ አዚትሮማይሲንን የተላመደ ኒሞኮከስ ልጁን ወዲያው ያለ መድኃኒት አያስቀረውም። ለረጅም ጊዜ የተሰማው ማጽናኛ ይህ ነበር። ኒጀር ውስጥ የተደረገው ተከታታይ ምርመራ ግን ማጽናኛውን አዳክሞታል። ለሦስት ዓመታት በዓመት ሁለቴ ሲታደልባቸው በቆዩ መንደሮች የሕጻናቱ አንጀት ሲመረመር፣ አዚትሮማይሲን የሚገኝበትን የመድኃኒት ቤተሰብ የሚቋቋሙ ዘረመሎች ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ሽሮፕ፣ ከታደለባቸው መንደሮች በሰባት ዕጥፍ ገደማ በዝተው ተገኙ። ከዚያም አልፎ አሞክሲሲሊንና ፔኒሲሊን ያሉበትን ቤተሰብ የሚቋቋሙ ዘረመሎችም ጨምረዋል። አንዱን መድኃኒት ማደል የሌላውን ጉልበት ሊበላ ይችላል ማለት ነው። ይህ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ነው፤ ምሥጢር አይደለም።

ከጎንቻ የተነሣው ጥያቄ በትልቁ የተፈተነው ሞርዶር በተባለው ሙከራ ነው። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ 1,533 መንደሮች ውስጥ ከ1 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕጻናት ለሁለት ዓመት በየስድስት ወሩ አዚትሮማይሲን ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ግማሽ የተባለው ወደ አንድ ሰባተኛ ወረደ ማለት ነው፤ ያም ቢሆን ጥቂት አይደለም። ቅነሳው ግን በየአገሩ እኩል አልነበረም፦ በኒጀር 18.1፣ በማላዊ 5.7፣ በታንዛኒያ 3.4 በመቶ። የሁለቱ አገሮች ቁጥር ለብቻው ሲታይ ከዕድል የመጣ አይደለም ለማለት አያስደፍርም። የሕጻናት ሞት በጣም ከፍተኛ በሆነበት መድኃኒቱ በጉልህ አዳነ፤ ዝቅ ባለበት ውጤቱ ደበዘዘ። ኢትዮጵያ በዚህ ሙከራ አልነበረችም። ሐሳቡ የተገኘባት አገር ከሐሳቡ ዋና ፈተና ውጭ መቅረቷ ዛሬ ለምንሰጠው ፍርድ ትልቅ ክፍተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መካከለኛ መንገድ መረጠ። ለሁሉም አይታደል፤ ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕጻናት ከ60 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በሚሞቱበት፣ ወይም ከ80 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በሚሞቱበት አካባቢ ብቻ፣ ያውም ከ1 እስከ 11 ወር ላሉት ብቻ ይታሰብ አለ። የመላመድ ክትትልንም ቅድመ ሁኔታ አደረገ። አሳማኝ ይመስል ነበር፤ ጥቂት ሕጻናት ይወስዳሉ፣ መላመዱ ይቀንሳል፣ ጥቅሙም አይቀርም ተብሎ ነው። ኒጀር ውስጥ የተካሄደውና ውጤቱ ከአራት ዓመት በኋላ የታተመው አቬኒር የተባለ ሙከራ ይህንኑ ለይቶ ፈተነው። ከ1 እስከ 59 ወር ያሉት ሁሉ በወሰዱበት ሞት በ14 በመቶ ቀነሰ። ከ1 እስከ 11 ወር ያሉት ብቻ በወሰዱበት ግን በጨቅላዎቹ መካከል የታየው ቅነሳ 6 በመቶ ነው፤ እሱም ከዕድል የማይለይ። ጨቅላውን የሚጠብቀው እሱ ራሱ የዋጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ታላላቆቹ የዋጡትም ጭምር ይመስላል። እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ተዘግቷል። ምርጫው ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ሁሉ ሰጥቶ የመላመዱን ሙሉ ዋጋ መክፈል፣ ወይም አለመስጠት ነው። ይህን በግልጽ የሚናገር የፖሊሲ ሰነድ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ለኢትዮጵያ ስሌቱን ራሳችን እንሥራው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕጻናት 48ቱ አንድ ዓመት፣ 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በአገር አቀፍ አማካይ ከዓለም ጤና ድርጅት ወለል በታች ነን ማለት ነው። በክልል ሲታይ ሌላ መልክ አለው፤ በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ሞት አዲስ አበባ ላይ 39፣ አፋር ላይ 125 ነበር። የክልሎቹ ቁጥር የአሥር ዓመት አማካይ በመሆኑ የወቅቱን ሁኔታ ሊያጋንን ይችላል፤ ቢሆንም የአፋር ሕጻን ለአዲስ አበባ በወጣ ፖሊሲ ሊዳኝ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሌላ ቁጥር ነው። ከ48ቱ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ነው። የአዚትሮማይሲን ዕደላ ደግሞ ከአንድ ወር ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። መድኃኒቱ የቱንም ያህል ቢሠራ ትልቁን ሐዘን አይነካውም።

ታዲያ ለጨቅላው በእናቱ በኩል ቢደረስለትስ? ይህም ተሞክሯል። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ 29,278 ምጥ የያዛቸው እናቶች 2 ግራም አዚትሮማይሲን ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። ሴፕሲስ የተባለው ደም የሚመርዝ ኢንፌክሽን ወይም ሞት የደረሰባቸው እናቶች ከ2.4 ወደ 1.6 በመቶ ወረዱ፤ ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከሴፕሲሱ ነው። በሕጻናቱ በኩል ግን ሴፕሲስ ወይም ሞት የደረሰባቸው 10.5 እና 10.3 በመቶ ናቸው፤ ምንም ልዩነት የለም። ፍርዳችንም እንደ ውጤቱ የተከፈለ ነው። ለእናትየዋ አዎ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ፣ በጤና ተቋም ውስጥ በባለሙያ ፊት የሚሰጥ፣ ከ1,000 እናቶች ስምንቱን ከከባድ ሕመም የሚያድን ነገር ነውና የጤና ሚኒስቴር በቁም ነገር ይመልከተው። ለሕጻኑ ይጠቅመዋል ብሎ ለእናት መንገር ግን ውሸት ነው፤ አይነገራት። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ ብቻ እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። ቤቷ የምታምጥ እናት ይህ ክኒን አይደርሳትም።

ቦታ ለውጤት ያለውን ክብደት የሚያሳይ አንድ ሌላ ጉዳይ እንጨምር። የአራስ እትብት ክሎረሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ሲጠረግ ኔፓል ላይ የጨቅላ ሞት በ24 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተነገረ፤ ባንግላዴሽና ፓኪስታንም ተስፋ ሰጪ ውጤት አገኙ። ዛምቢያና የታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት ላይ በሰፊው ሲሞከር ግን የሞት ልዩነት አልታየም። አገራችን ባለ 4 በመቶውን ክሎረሄክሲዲን ቅባት ተቀብላ ሥራ ላይ ያዋለችው እዚህ ተፈትኖ ከፍተኛ ሞት መቀነሱ ተረጋግጦ አይደለም፤ የሌሎች ውጤት ተስፋ ስለሰጠ ነው። ቅባቱ ይወገድ አንልም። የሌላ አገር ሙከራ ስንዋስ የተዋስነውን ማወቅ አለብን ነው የምንለው።

ከመንደር ወጥተን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስንገባ ነገሩ ይበልጥ ያስተምራል። በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ 5,788 የሆድ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ሁለት ውድ ነገሮችን ፈተነ። አንዱ ትራይክሎሳን በተባለ ፀረ ተሕዋስያን የተነከረ የስፌት ክር ነው፤ ሌላው በተለመደው አዮዲን ፋንታ ቆዳን በአልኮል ክሎረሄክሲዲን ማጽዳት። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት ሁለቱም ከተለመደው አይበልጡም አለ። በቀጣዩ ዓመት በእነዚያው ሰባት አገሮች፣ በ81 ሆስፒታሎች፣ 13,301 ታካሚዎችን ያሳተፈ ሌላ ሙከራ ወጣ። የተሞከረው ለማመን የሚያስቸግር ተራ ነገር ነው፤ ቁስሉ ሊሰፋ ሲል ጓንቱንና መሣሪያውን መቀየር። ያመረቀዘው ቁስል ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ወረደ።

እንግዲህ በፀረ ተሕዋስያን የተነከረው ውድ ክር ወድቆ ንጹሕ ጓንት አለፈ። ጓንት ደግሞ የተላመደ ጀርም አያፈራም። አገራችን በእነዚህ ሁለት ሙከራዎች ባትሳተፍም የራሷ ልምድ አላት። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው የንጹሕ ቀዶ ሕክምና ፕሮግራም፣ እጅና ቆዳ በትክክል ሲጸዱ፣ መሣሪያው መመከኑ ሲረጋገጥ፣ መከላከያ መድኃኒቱ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት በሰዓቱ ሲሰጥና ማረጋገጫ ቅጹ በእርግጥ ሲሞላ፣ የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን 35 በመቶ ቀንሷል። ይህ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ሳይሆን በፊትና በኋላ የተነጻጸረ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ከጠቀስናቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ሆኖም አዲስ መድኃኒት አልጠየቀም፤ የታወቀውን በሰዓቱ መሥራት ነበር የጠየቀው። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ጓንት ሲያልቅ የሚሰማቸው ድንጋጤ ሴፍትሪያክሶን የተባለው መድኃኒት ሲያልቅ ከሚሰማቸው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይህ ጉዳይ አይፈታም።

እስካሁን ያነበበ ሰው "እንግዲያው ለትራኮማም መድኃኒቱን ትተን ውኃ እናስገባ" ሊል ይችላል። እኛም ቢሆን እንዲህ ብንል ደስ ባለን። ግን ዋግ ኽምራ ላይ የተካሄደ ውኃ የሚል ምሕጻር ያለው ሙከራ ይህንኑ ፈትኗል። በዕጣ በተመረጡ ቀበሌዎች የውኃ ነጥብ ተሠራ፣ ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ሳያሰልሱ ተሰበከ፣ ሳሙና ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕጻናቱ ዓይን ውስጥ ያለው ጀርም ካልተሠራላቸው ቀበሌዎች አልተለየም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ንጹሕ ውኃ መብት ነው፤ ሴቶችን ከረጅም መንገድ ያድናል፤ ለዚህ ሲባል ይሠራ። በሦስት ዓመት ትራኮማን ያጠፋል ብሎ ቃል መግባት ግን ማስረጃ የለውም። ማስረጃ የምንጠይቀው በማንወደው ነገር ላይ ብቻ ከሆነ ፍርዳችን አድልዎ ይሆናል።

የሚቃወሙን ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ ሳንጠቅሰው ማለፍ ነውር ነው። ዛሬ የሚሞተው ሕጻን ስም አለው፣ እናት አለችው፤ ወደፊት ይመጣል የሚባለው መላመድ ግን ግምት ነው ይላሉ። መድኃኒት ለተራቡ እንጂ ላልጠገቡ የገጠር ሕጻናት "ጀርም ይላመዳል" ብሎ መከልከል፣ ከተማው በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ እንደ ልቡ ሲሸምት፣ ግብዝነት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ነጥብ ልክ ነው። በኮቪድ ወቅት አዚትሮማይሲን ከመደርደሪያ ሲታፈስ፣ በብሪታንያ የተካሄደው ትልቁ ሙከራ ለኮቪድ ሕመምተኛ ምንም እንደማይጠቅም እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ካሳተመ በኋላም ሽያጩ አልቆመም። የገጠሩን ዕደላ የሚቆጣጠር አገር የከተማውን ቆጣሪ መተው አይችልም። የመጀመሪያው ነጥብ ግን ግማሽ ልክ ነው። መላመድ ግምት መሆኑ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞቱት ሰዎች በዓለም ደረጃ 1.27 ሚሊዮን እንደሆኑ ተገምቷል፤ ከፍተኛው የሞት መጠን የታየውም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። እነዚያም ስም ነበራቸው።

መከላከያ መድኃኒት በጅምላ ክፉ ነው የሚል ካለ ደግሞ ከእኛ ወገን አይደለም። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሕጻናት በየቀኑ ኮትሪሞክሳዞል ሲሰጥ ሞት በ43 በመቶ እንደሚቀንስ ዛምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ተረጋግጧል። ያውም መድኃኒቱን የተላመዱ ጀርሞች በበዙበት አገር። ማን እንደሚወስደው የታወቀ፣ አደጋው ከፍተኛ የሆነ፣ ውጤቱ የተፈተነ ነው። ኒጀር ላይ ብንሆን የአዚትሮማይሲኑን ዕደላም እንደግፍ ነበር፤ እዚያ ተፈትኖ አልፏልና።

ለኢትዮጵያ የምንሰጠው ፍርድ ስለዚህ ይህ ነው። የትራኮማው ዕደላ ይቀጥል። ከአሥር ዓመት በላይ ከታደለ በኋላም ንቁ ምልክቱ ከ5 በመቶ በታች ያልወረደባቸው ወረዳዎች በአማራ ክልል ብዙ ናቸው፤ በግጭት ምክንያት ዙሮች የተቋረጡባቸውም አሉ፤ እዚያ ማቆም የተደከመበትን መጣል ነው። ሆኖም በዓመት አንዴ የሚበቃበት ወረዳ ሁለቴ አይታደል፤ ከ5 በመቶ በታች የወረደ ወረዳም በልማድ አይቀጥል። የሕጻናትን ሞት ለመቀነስ በሚል አገር አቀፍ ዕደላ ግን አይጀመር። ሞት ከፍተኛ በሆነባቸው እንደ አፋር ባሉ አካባቢዎች መጀመሪያ ሙከራ ይካሄድ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይምሩት፤ መላመድም ከሞት ጋር እኩል ዋና መለኪያ ተብሎ በዕቅዱ ይጻፍ። ሕጻናቱ ወደ ፕላሴቦ ምድብ የገቡባቸው መንደሮች፣ መድኃኒቱ የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘ፣ እንደ ጎንቻው ምድብ ተራቸው እንደሚደርስ በጽሑፍ ይረጋገጥላቸው።

የጤና ሚኒስቴር ከሚቀጥለው የትራኮማ ዙር በፊት ከተመረጡ ወረዳዎች የሕጻናት የጉሮሮ ናሙና አስወስዶ የመላመዱን መጠን በአማርኛና በክልሉ ቋንቋ ያሳትም። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ነዋሪዎች በልጆቻቸው ላይ የተገኘውን ውጤት በእንግሊዝኛ መጽሔት ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ አልተስማሙም።

ለአንባቢም የምንለው አለን። የትራኮማ ዕደላ ወረዳችሁ ሲደርስ በቁመት መለኪያው የተሰጣችሁን መጠን ቤተሰቡ በሙሉ ይውሰድ። ለጉንፋንና ለሳል ብላችሁ ያለ ማዘዣ አዚትሮማይሲን አትግዙ።